ዜሮ የሌለበት ደብተር

አባቴ የደም ግፊቱን ይጽፍበት የነበረው ደብተር አሁን እኔ ጋ ነው። ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ እኔው ራሴ የገዛሁለት ተራ ደብተር ነው። ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት አላውቅም። ባየሁት ቁጥር ልጥለው እነሳለሁ፤ እንዳልጥለው ደግሞ የእጅ ጽሕፈቱ ነው። አሁን መጻፍ አይችልም።

ሥራዬን ካላወቃችሁ ቂልነቴ አይገባችሁም፤ ስለዚህ ከሥራዬ ልጀምር። አትላንታ ውስጥ በአንድ የምርምር ቡድን ዳታ አጸዳለሁ፤ ከተሰበሰበው መረጃ ስህተቱን እለቅማለሁ። ምርምሩ በቻይና ገጠር ስለሚኖሩ ሰዎች የደም ግፊትና የልብ ሕመም ነው። ቻይናን በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ የመንደሮቹን ሰዎች ግን በቁጥር አውቃቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን፣ ክብደታቸውን፣ በጨው የተዘፈዘፈ አትክልት በሳምንት ስንት ቀን እንደሚበሉ፣ ክኒናቸውን መቼ እንዳቆሙ። "ለምን አቆሙ?" ለሚለው ጥያቄ "ደህና ስለሆንኩ" የሚል መልስ ማንበብ ሰልችቶኛል። ግን እውነታቸውን ነው፣ ግፊት አያምም። ለማያምም ነገር በየቀኑ መድኃኒት ዋጡ ሲባል ማን ይሰማል?

የእኔ ድርሻ ውሸት መያዝ ነው። እንዲህ ስል ሰው ይስቃል። ግፊቱን የሚለካው የመንደሩ ሐኪም ነው፤ ተራርቀው ባሉ ቤቶች በእግሩ እየዞረ። ሲደክመው፣ ወይም ሰውየው እርሻ ወርዶ ሲያጣው፣ ቁጥሩን ከጭንቅላቱ አውጥቶ ይሞላዋል። ከጭንቅላት የወጣ ቁጥር ደግሞ ያስታውቃል። በዜሮ ያልቃል፣ ይደጋገማል፤ 130፣ 130፣ 120፣ 130። መለኪያው ግን ለማንም አይጨነቅም፤ 133 ይላል፣ 127 ይላል። እንዲህ ያለ ቅጽ ሲያገኝ ቀይ ምልክት የሚያደርግ ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አቤት ስኮራበት!

አጠገቤ የምትቀመጥ ቻይናዊት ባልደረባ አለችኝ። ቻምብሊ ነው የምትኖረው፤ ያደገችው ግን እንደነዚያ ባለ መንደር ነው። አንድ ቀን የአንድ ሐኪም ቅጾች ላይ ቀዩ ተደርድሮ ሳይ "ይሄ ሰውዬማ ዓይን አውጣ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አደረገች።

"እናቴም የመንደራችንን ሐኪም ዝቅ አድርገህ ጻፍልኝ ትለው ነበር" አለችኝ። "ከፍ ካለ እኛ ልጆቿ እርሻ እንዳትወጣ እንከለክላታለን። እሱ ምን ያድርግ? እሷን ፈርቶ ይጽፍላታል።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?" አልኳትና ቅጾቹን ከዳታው አወጣኋቸው። ምሳ ሰዓትም ደርሶ ነበር።

እኔና አባቴ እዚያው አትላንታ ዳር ሊልበርን ነው የምንኖረው፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። አባቴ አገር ቤት ገጠር ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ጤና ረዳት ነበር። እዚህ ኤርፖርት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሕይወቱ የቸርች ቫን ሆነ። እሑድ እሑድና በጸሎት ቀን መንዳት የማይችሉ አዛውንቶችን ከየቤታቸው እየለቀመ ያደርሳል። ፓይን ሌክ ሰፈር ያሉት ሁለት እናቶች ገና ሳይደርስ ለባብሰው መስኮት ላይ ይጠብቁታል። "ሰዎቼ" ነው የሚላቸው። እሱ ባይመጣ ከሳምንት ሳምንት ግድግዳ ሲያዩ የሚውሉ ሰዎች ናቸው።

የአባቴ ሐኪም ግፊቱ ከፍተኛ ነው ብሎ ሁለት ዓይነት ክኒን አዘዘለት፤ አንደኛው የሚያሸና ነው። እኔም መለኪያ ገዛሁ፣ ደብተር ገዛሁ፣ ሕግ አወጣሁ።

"ጠዋት ጠዋት ትለካለህ፣ ትጽፋለህ። ከመቶ ሃምሳ በላይ ካየሁ የቫኑን ቁልፍ እወስዳለሁ።"

"ቁልፌን? አንቺ ማነሽና?"

"ልጅህ ነኛ! ሃይዌይ ላይ ሰው ይዘህ አንድ ነገር ብትሆንስ?"

"ወይ ጣጣ! ለካ ፖሊስ ነው የወለድኩት" ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ የምሬን ነበር።

ከአንድ ወር በኋላ ደብተሩን ገለጥኩ። 130 በ80፣ 130 በ80፣ 120 በ80። ቂልነቴ እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። ያን ቀን መለኪያውን አንስቼ ክንዱ ላይ ባስር ኖሮ! ምን አለበት፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ምን አደረግኩ? ወንበር ስቤ አስተማሪ ሆንኩ።

"አባዬ፣ ይሄ እኮ ቻይናዎቹ የሚሠሩት ነው! ሁሉም በዜሮ ያልቃል።"

"አጠጋግቼው ነው።"

"አታጠጋጋ! እኔ ቢሮ በዚህ ነው ሰው የምይዘው።" አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ስለ መንደሩ ሐኪሞች፣ ስለ ፕሮግራሜ፣ ስለ ቀዩ ምልክት። መነጽሩን አድርጎ፣ እጁን አጣጥፎ፣ ፈተና እንዳለበት ተማሪ አዳመጠኝ።

"እኛም ጤና ጣቢያ ሳለን የወሩን ሪፖርት እንዲሁ ነበር የምንሞላው፤ ጉዳችንን አወጣሽው" አለና ሳቀ። ከዚያ ረጋ ብሎ ጠየቀኝ፤ "እውነተኛው ታዲያ ምን ይመስላል?"

"ጎርባጣ ነው። ሦስትም አለው፣ ሰባትም አለው። አንድ ቀን ከፍ ይላል፣ አንድ ቀን ዝቅ ይላል። እንዲያውም አልፎ አልፎ መጥፎ ቀን ከሌለው አላምነውም።"

"እንዲያ በይኝ" አለ።

ከማግስቱ ጀምሮ ደብተሩ አማረ። 127 በ83። 134 በ79። 131 በ86። አንድ ጠዋት 148 ጽፎ ጎኑ ላይ "ትናንት ሽሮው ጨው በዝቶበት ነበር" የሚል ማስታወሻ አኖረበት። ሽሮውን የሠራሁት እኔ ስለነበርኩ ይቅርታ ጠየቅኩት። ስንት መንደር የምመረምር ሴትዮ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ጠረጴዛዬ!

ከዚያም የሐኪም ቀጠሮው ደረሰ። እዚያ ሲለካ ግፊቱ ሰማይ ነካ። አባቴ "ነጭ ጋውን ሳይ ልቤ ይመታል" አለ፤ እኔ አስተረጎምኩ። አስተርጉሜ ብቻ ባቆም ምን ነበረበት? ደብተሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ "ቤት ግን ደህና ነው፣ እኔ ሥራዬም ይኸው ነው" አልኩ። ሐኪሙ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ መድኃኒቱ ባለበት ይቀጥል አለ። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ መጣ፤ መንገዱ ስለተጨናነቀ መስሎኝ ነበር።

የዚያው ሳምንት እሑድ ቀድሜው ቸርች ገብቼ ነበር። መዝሙር መሀል አንድ ሰው ትከሻዬን ነካኝ። ፓርኪንጉ ላይ ስደርስ ቫኑ በመስመሮቹ መሀል ልክክ ብሎ ቆሟል፣ ሞተሩ ግን አልጠፋም። ከፓይን ሌክ ከሚመጡት እናቶች አንዷ ከኋላ ወንበር ሆነው የአባቴን ጭንቅላት በሁለት እጃቸው ደግፈውታል።

"ልጄ፣ ቁልፉን ማዞር አቃተው" አሉኝ። "እጄ እምቢ አለኝ አለ፤ ከዚያ አፉ ተኮላተፈ። እኛን በሰላም አድርሶ ነው እኮ፤ እኛን አድርሶ ነው።"

ሆስፒታል ውስጥ ስክሪኑ 212 ሲል ከነርሷ ጋር ተጣላሁ። "መሣሪያችሁ ተበላሽቷል፣ የአባቴ ግፊት ይሄ አይደለም" እያልኩ ደብተሩን ፊቷ ላይ አውለበለብኩት። ምስኪን፣ ሌላኛው ክንዱ ላይ ለካችው። ያው ነው።

የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች አምጪ ተብዬ ወደ ቤት በረርኩ። የሚያሸናው ክኒን ብልቃጦች መሳቢያው ውስጥ በተርታ ቆመዋል፤ ከመጀመሪያው በቀር አልተከፈቱም። መለኪያውን አነሳሁ። የለካውን ሁሉ ከነቀኑ የሚያስቀምጥ ዓይነት ነው፤ እኔው ነኝ መርጬ የገዛሁት። ቁልፉን ተጫንኩ። 171። 168። 174። ሕጉን ያወጣሁ ሰሞን ሦስት ጠዋት፤ ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ኧረ ጌታ ሆይ፣ ምን አደረግኩ? ከዚህ ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ክኒኑን ለምን እንደተወው የነገሩኝ እኒያው እናት ናቸው። "መንገድ ላይ ሽንት እያጣደፈኝ፣ እናንተን ይዤ ሃይዌይ ላይ የት ልቁም ይለን ነበር። አንቺ የምታውቂ መስሎን ነው እኮ የኔ ልጅ" አሉኝ። መላው ቫን ያውቃል። እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው፤ ቁልፍ የምነጥቀው እኔ ነኛ። ለኔ ማን ይነግራል?

ሥራ ስመለስ ማንንም ሳላናግር ደብተሩን ከፈትኩና እያንዳንዱን ቁጥር ፕሮግራሜ ውስጥ አስገባሁ። ከመጀመሪያው ወር በቀር አንድም ቀይ አልወጣም። እንዲህ ያማረ ዳታ ከየትኛውም መንደር መጥቶልኝ አያውቅም። ባልደረባዬ ስክሪኑን አየች፣ ደብተሩን አየች፣ ፊቴን አየች። ወንበሯን አስጠግታ እስክጨርስ አብራኝ ተቀመጠች።

አባቴ አሁን ሰውነቱን የሚያለማምዱበት ማዕከል ነው ያለው። ስትሮክ ነው አሉኝ፤ ቀኝ ጎኑ አይንቀሳቀስም። አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ ይወጣል፣ ቃል ግን አይሆንም። ሐኪሞቹ "እናያለን" ይላሉ፤ ሌላ ስትሮክ እንዳይደግመውም ይፈራሉ። እኔ በየቀኑ ከሥራ ወጥቼ እሄዳለሁ፣ አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ እለፈልፋለሁ። አንዳንድ ቀን መኪናዬን ፓርክ አድርጌ መውረድ ያቅተኛል።

የቫኑ ትርፍ ቁልፍ ኩሽናችን ውስጥ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ነበር። ትናንት ይዤለት ሄድኩ።

"ይኸው ቁልፍህ፣ አባዬ" አልኩት። "አልወስድብህም። ግፊትህ ሦስት መቶም ይሁን አልወስድብህም። ብቻ አንድ ቃል ተናገር፣ ስደበኝም።"

ቁልፉን አየ። በግራ እጁ ተቀበለኝና ቀኝ መዳፉ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ የቀኝ እጁን ጣቶች በግራው አንድ በአንድ እያጠፈ ቁልፉ ላይ ሊያስጨብጣቸው ሞከረ። አንዷን ሲያጥፍ ሌላዋ ትዘረጋለች። ቁልፉ ወለሉ ላይ ወደቀ።

አንስቼ መዳፉ ላይ መልሼ አስቀመጥኩለት። እንደገና ጀመረ።