እናቴ እንዳትሄድ የመረጥኳቸው መጻሕፍት

«ምን ላንብብ?» ብሎ ለሚመጣብኝ ሰው መጀመሪያ የማቀርበው ጥያቄ ስለ መጽሐፍ አይደለም። «ምሳ በልተሃል?» ነው የምለው። ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ገድል ሲያነብ ጻድቁን ትቶ ጻድቁ የተወውን ምግብ ነው የሚያስበው።

ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ ደብተርና እስክሪብቶ የምሸጥባት፣ ፎቶ ኮፒ የማነሳባት አንዲት ሱቅ አለችኝ። ከኋላዋ የሚከራዩ መጻሕፍት የተደረደሩበት መደርደሪያ አለ፤ ከጎንደር በአውቶቡስ አስጭኜ ነው የማመጣቸው። ድንበሩ መተማ ዮሐንስ ላይ ጉምሩክ ወረፋ ይዞ የሰለቸው የከባድ መኪና ሾፌር፣ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ የቀን ሠራተኛ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው፣ ሁሉም «አንቺው ምረጪልኝ» ይለኛል። እኔም እመርጣለሁ። የሚያሙኝ ሰዎች ያልተጠየቀችውንም ትመርጣለች ይላሉ። ይበሉ፣ እውነታቸውን ነው።

ሕግም አለኝ። መንፈሳዊ መጽሐፍ በመጋቢትና በሚያዝያ አላከራይም፤ በእነዚያ ወራት እኛ አገር ሙቀቱ ራሱ ተጋድሎ ስለሆነ የሌላ ሰው ተጋድሎ ሲጨመርበት ያደክማል። የቆየ ልብ ወለድ ለክረምት ነው። የዋልካው ጭቃ መንገዱን ሲውጠው፣ ባጃጅ ሲቆም፣ ቤት ተቀምጦ የሰው ፍቅር እስኪሰምር ለመጠበቅ ጊዜ ይገኛል። ታሪክ ደግሞ ከሥራ በኋላ ይነበብ፤ በጠዋት ታሪክ ያነበበ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲከራከር ነው የሚውለው። ይህን ሁሉ ሕግ በአንድ በጋ ያፈረስኩት ለእናቴ ስመርጥላት ነው።

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ከእኔ ጋር ነበር የምትኖረው። ባሌና እኔ ከተለያየን ቆይተናል፣ ልጅም አልወለድንም፤ ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሴቶች ብቻ ነበርን። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ጆሮዋ ግን የሰማውን አይጥልም። በቀትር ሱቁን ስዘጋ እሷ ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር፣ ሱዳኖቹ አንገረብ የሚሉት የገመድ አልጋ ላይ ትጋደማለች፤ እኔ በርጩማ ላይ ሆኜ አነብላታለሁ። በመሐላችን ከደረቀ ቀይ አበባ የሚዘጋጀው መጠጥ፣ አንድ ጆግ ከርከዴ ይኖራል።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀትር ላይ ገድል ሳነብላት ዓይኗን ሳትገልጥ «ልመንን ነው» አለችኝ።

«ምን አልሽ?»

«ከቆላው ገዳም ልገባ ነው። የነፍስ አባቴንም አማክሬያለሁ። የሐዋርያት ጾም ሲገባ እዚያ ልሁን ብያለሁ።»

መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ። «ቆብ ከሆነ የፈለግሽው እዚሁ ድፊ» አልኳት። «የሰፈሩ አሮጊት ሁሉ ቆቧን ደፍታ ከልጅ ልጇ ጋር ትኖር የለም ወይ?»

«እሱ ቆብ ነው፣ ልጄ። እኔ ያልኩሽ ምንኩስና ነው» አለች።

ልዩነቱን አውቀዋለሁ። ገዳም ገብቶ የሚመነኩስ ሰው በቁሙ ፍትሐት ይደረግለታል። ለሞተ ሰው የሚጸለየው ጸሎት ይጸለይለትና ከዚያ ወዲያ ለዘመድ፣ ለዓለም ሙት ነው። እናቴ በሕይወት እያለች እኔ እናት የሌለኝ ልሆን ነው ማለት ነው። ፈራሁ። ያን ዕለት ከርከዴውን ገጹ ላይ አፈሰስኩት።

የነፍስ አባቷ በማግስቱ መጥተው «ልጄ፣ አትከልክያት» አሉኝ። «እርስዎ ምን አለብዎት አባ፣ ባዶ የሚቀረው የእርስዎ ቤት አይደለም» አልኳቸው። ሰውየው ታጋሽ ናቸውና አልተቀየሙኝም። እናቴ ግን አንድ ነገር ጣል አደረገች፤ «የጀመርሽልኝን ንባብ ሳትጨርሽልኝ አልሄድም። መሐል ላይ ጥዬ ብወጣ ልቤ እዚህ ይቀራል።»

በዚህ ቃሏ ያዝኳት። ወደ ገዳሙ የሚወስደው መንገድ ዋልካ ነው። ዝናብ አንዴ ከጣለበት ትራክተር እንኳ እየሰመጠ ይቀራል፣ እስከ ጥቅምትም አይከፈትም። ዝናቡ እስኪመጣ ንባቡን ካስረዘምኩት ክረምቱን ሙሉ የእኔ ናት፤ ከጥቅምት በኋላ ደግሞ ማን ያውቃል፣ ሐሳቧን ትለውጥ ይሆናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብዬ ጀመርኩ። አላፍርበትም፤ እናቱን የሚወድ ሰው ሁሉ ያደርገዋል።

ገድሉን በጣም በዝግታ አነበብኩት። የቀትሩ ሙቀት እንቅልፍም ንቃትም አይደለም። ከተማው በሙሉ ይረጋል፤ ውሻው ከተሳቢ ሥር፣ ባለባጃጁ እዚያው ባጃጁ ውስጥ፣ ዶሮዎቹ ከበርሜል ጥላ ሥር ይጋደማሉ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ይሆንብኝ ነበር። አንድ ቀን ገድሏን የምናነበው ጻድቅ እንስራ ተሸክማ በአጥራችን በኩል ስታልፍ አየኋት። ከእግሯ ሥር አቧራ አልተነሣም። ቀና ስል ጎረቤታችን ናት፣ ወይም ጎረቤታችን መሰለችኝ። አንዳንዴ እያነበብኩ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ አፌ ግን አያቆምም አሉ። እናቴ እንደነገረችኝ ከሆነ በእንቅልፍ ልቤ ያነበብኩት ከመጽሐፉ ያምር ነበር።

ጻድቋ እናቷን ትታ በረሃ የገባችበት ቦታ ላይ ስንደርስ እናቴ ተነሥታ ተቀመጠች። «እናትየዋስ ምን አለች?»

«አልተጻፈም» አልኳት። ቶሎ ብዬም «አልቅሳ ይሆናላ» አልኩ።

«አልቅሳ ይሆናል» አለች፤ መልሳም ተጋደመች።

ገድሉ የፈለግኩትን አላደረገልኝም። በየቀኑ ልቧን ይበልጥ ወደዚያ ወሰደው። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሌላ ዘዴ መጣልኝና አንድ የቆየ ልብ ወለድ ይዤ ወጣሁ፤ ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ፣ ተከራይ የማይጠግበው የፍቅር ታሪክ ነው።

«ለመነኩሲት የፍቅር ታሪክ?» አለችኝ።

«ገና አልመነኮስሽም። አንድ ገጽ ብቻ ስሚ፣ ካልጣመሽ እተወዋለሁ።»

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ ያን ቀን አንድ ምዕራፍ ጨረስን። በደጋ ያለች አንዲት ልጅ ለሽማግሌ ታጭታ፣ የምትወደው ነጋዴ ደግሞ ከሞላ ወንዝ ማዶ ቀርቶባታል። እናቴ እየጸለየች እንኳ ወንዙን ታስበው ነበር መሰል፣ ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ «ጎደለ ይሆን?» ትለኛለች። እኔ ወንዙን አላጎድለውም። መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ዝናብ ከራሴ እየጨመርኩ ነጋዴውን አቆየሁት፤ ደራሲው ይቅር ይበለኝ። በሕልሜ ራሱ ወንዙ ግቢያችን ገብቶ አንገረቧን እንደ ታንኳ ሲያንሳፍፋት አይ ነበር፤ እሷም ሳትደነግጥ ተጋድማ «አንብቢ» ትለኛለች። የሚገርመው እናቴ ለልጅቷ ፍቅር ብዙም አላዘነችም። ሽማግሌዎቹ ገብተው አባትየው «ሰጥቻለሁ» ሲል ግን «እሷንስ ማን ጠየቃት?» አለች።

ልብ ወለዱ የፈለገ ቢያስረዝሙት ያልቃል፤ ከገድሉ ቀሪ ገጾች ጋር ግንቦት አጋማሽ ላይ አለቀ። ሰማዩ ገና ጥርት እንዳለ ነበር፣ ጾሙም አልገባም። ታሪክን የመረጥኩት ያን ጊዜ ነው። ጡብ የሚያክል መጽሐፍ ነበር፣ ፊደሉም ጤፍ የሚያህል። መርጠሽ ነው ወይስ መዝነሽ ብትሉኝ፣ መዝኜ ነው።

መቅድሙን አነበብኩላት። ምስጋናውን ሳይቀር አነበብኩላት፤ የማናውቃቸውን ሰዎች ሁሉ አመሰገንን። የግርጌ ማስታወሻ እየወረድኩ፣ የባላባት ዝርዝር እየዘረዘርኩ ቀናቱን ገፋሁ። ያም አልበቃኝ ሲል ትናንት ያነበብኩትን ገጽ ዛሬ ደገምኩት።

«እነዚህ ሰዎች ትናንት ዘምተው አልነበር?» አለችኝ እናቴ።

«ጦርነት አይደል፣ ይደጋገማል» አልኳት።

«እንግዲህ ይዝመቱ» አለች። ከንፈሯ ጫፍ ላይ ሳቅ ነገር አየሁ። ከዚያ በኋላ ስንት ገጽ እንደደገምኩ አላውቅም፤ አንዴም አልተናገረችኝም።

በግንቦት መጨረሻ ታሪኩ ወደኛ አገር ወረደ። የኛ ቆላ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ የሚገባው በሞት ነው፤ ንጉሡ እዚህ መተማ ላይ ወደቁ፣ ጦሩ ተመለሰ፣ ገጹ ተገለበጠ። ሁለት ገጽ እንኳ አልሞላንም። እናቴ የዚያን ቀን አልተጋደመችም፤ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላ ነበር የምትሰማው።

«በዚህ ሙቀት ውሃ ማን ቀዳላቸው?» አለች።

ፈለግኩላት። «ስንቅ የሚያሰናዱ ሴቶች ጦሩን ተከትለው ነበር» የሚል አንድ መስመር አገኘሁ።

«መርጠው ነው የመጡት?»

«አልተጻፈም።»

«አይጻፍማ» አለች። በዚያው ድምፅ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሰው፣ መናገር ጀመረች። «እኔም አልተጠየቅኩም። አባቴ ለአባትሽ ሰጠኝ። አባትሽ ቆላ መሬት አለ ሲሉት ሰማና በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ አስቀምጦ አወረደኝ። ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማርና፤ ግን አልጠየቀኝም። ስንደርስ ጥላ የሚሆን ዛፍ አልነበረም። ወባው፣ እባቡ፣ ምኑ ቅጡ። ደጋውን እያሰብኩ አለቅስ ነበር፤ ከዚያ ለመድኩት።»

መጽሐፉን ጭኔ ላይ አኖርኩት።

«እሱ ሲሞት ደግሞ ወደ አንቺ ቤት መጣሁ። ዕቃዬን የጫንሽው አንቺ ነሽ። ደህና አድርገሻል፣ አልከፋኝም። የምሰማውንም አንቺው ትመርጪልኛለሽ፤ እሱም ደስ ይለኛል። አንቺ ስታነቢልኝ ብውል አልጠግብም። ግን ልጄ፣ ይቺን አንዲቷን እኔ ነኝ የመረጥኳት። በዕድሜዬ ሙሉ ይቺን አንዲቷን።»

ለመንገደኛው ሁሉ ስመርጥ የኖርኩ ሴት፣ ለእናቴ «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብዬ እንደማላውቅ ያን ጊዜ ገባኝ። ዕቃዋን ስጭን እንኳ የቱ ይቅር የቱ ይሂድ አላልኳትም። አለቀስኩ። እሷ አላባበለችኝም፤ ከርከዴ ቀድታ ሰጠችኝ።

በማግስቱ በመተማ ዮሐንስ በኩል ደመና ታየ። ወር ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ደመና ነው። ቆላ ላይ ይህ ደመና ሲመጣ ባለእርሻው ትራክተሩን ያስነሣል፤ መንገደኛው ደግሞ ጉዞውን ያፈጥናል። አንድ ሳምንት ብቻ ባቆያት ትቀርልኝ ነበር። መጽሐፉም ገና ብዙ ይቀረው ነበር።

ሱቄን በጠዋት ዘጋሁና በርጩማዬን ከኒሙ ሥር አወጣሁ። አነበብኩ። ገጽ አልደገምኩም፣ የግርጌ ማስታወሻ አልወረድኩም። ነገሥታቱ ነገሡ፣ ሞቱ፣ ጥላው ከአንገረቡ ወደ አጥሩ ዞረ፣ ድምፄ ሻከረ። ሰው በሩን ሲያንኳኳ አልከፈትኩም። እናቴ እንዳልተኛች የማውቀው መቁጠሪያዋ ከጣቷ ሲንሸራተት ስለምሰማ ነው። ቀኑን ሙሉ ሁለታችንም በአንድ ሰፊ አገር ውስጥ አብረን በእግር የምንሄድ ይመስለኝ ነበር፤ የሚያሳዝነኝ ደግሞ እኔ ነበርኩ መንገዱን የማሳጥረው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረስን።

«አለቀ?» አለችኝ።

«አለቀ።»

ሌላ ልምረጥልሽ አላልኳትም።

ሲነጋ የነፍስ አባቷ መጡ። ወደ እርሻ የሚወጣ ትራክተር አግኝተዋል፣ ተሳቢው ላይ ዘር የተሞላ ጆንያ ነበረ። እናቴ አንዲት ትንሽ ቋጠሮ ብቻ ይዛ በራሷ ወጣችና ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ላግዛት እጄን ዘርግቼ ነበር፤ መልሼ ሰበሰብኩት። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሣ ጎንበስ ብላ «ሂጂ በይኝ እንጂ» አለችኝ።

ከዚያ ሁሉ መጽሐፍ ውስጥ ለዚያች ሰዓት የሚሆን አንድ ቃል ፈልጌ አጣሁ። «ሂጂ፣ እማ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፣ ለእኔም አልነበረም።

ዝናቡ በአራተኛው ቀን ጣለ። ስለምነው የከረምኩት ዝናብ መጣና መንገዱን ዘጋው፤ እሷን በዚያ፣ እኔን በዚህ አድርጎ።