የወንድሜ ሐዲድ መቀየሪያ

አሶሳ ባቡር ኖሯት አያውቅም። እኛ ቤት ግን፣ ከሳሎኑ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ጣውላ ላይ የተዘረጋ ሐዲድ አለ። የታላቅ ወንድሜ ነው። ድሬዳዋ ኤሌክትሪክ ሊማር ሄዶ ባቡር ወዶ መጣ። ሰው ልብስ ይዞ ይመለሳል፤ እሱ አሻንጉሊት ባቡር ከነሐዲዱ በካርቶን ይዞ ከች አለ። እናታችን ካርቶኑን ከፍታ፣ "ሚስት አምጣ ስልህ ይሄን አመጣህልኝ?" ብላ ሳቀችበት።

ሐዲዱ አንድ ቦታ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ግራው ዞሮ ይመለሳል፣ ቀኙ ማረፊያ ነው። መቀየሪያዋን በጣት መግፋት ይቻላል፤ እሱ ግን "በእጅማ ነውር ነው!" አለ። ከአሮጌ መኪና በር የነቀለውን የቁልፍ ሞተር ከሥሯ አሰረ፤ ከሪሲቨር አዳፕተር ኃይል ስቦ፣ በሪሌ፣ ኃይሉን በሚያገናኝና በሚያቋርጥ ትንሽ ዕቃ፣ አድርጎ ከበር ደወል መጫኛ ጋር አገናኘው። ስትጫነው ቀጭ! ወደ ቀኝ፤ ስትለቀው ስፕሪንጉ ወደ ግራ ይመልሳታል። ሽቦውን ያያያዝኩት እኔ ነኝ። ቀዩን ከጥቁሩ ባሳሳትኩ ቁጥር "አንቺ ቀውስ፣ ታቃጥይናለሽ!" ይለኛል፤ እኔም "ራስህ ሥራዋ!" ብዬ ፒንሳውን እወረውርለታለሁ።

አንድ ሕግ ነበረው፤ ድሬዳዋ ከአንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ የተማረው። ከመጫንህ በፊት "ወደ ቀኝ!" ብለህ ትጣራለህ፤ ሌላ ሰው "ነፃ ነው!" እስኪልህ ድረስ አትነካም። እኔ ሳልኖር እናታችን ከጓዳ ሆና ትመልስለት ነበር። ባቡር በዓይኗ አይታ የማታውቅ ሴት፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ "ነፃ ነው፣ እለፍ!"

ወንድሜን ጉባ ለሥራ በሄደበት ወባ ቀጠፈብን። ከቀብሩ በኋላ ክፍሏን ዘጋናት። አዳፕተሩን ከሶኬት መንቀል ግን ማን ትዝ ይለው?

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ዋለና የሰፈሩ ልጆች "መጣ!" ብለው ሲጮሁ፣ ከተዘጋው ክፍል ውስጥ ቀጭ! አለ። ክው አልኩ። ከጓዳ የእናቴ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ "ነፃ ነው" አለ። ከዚያ ወዲህ መብራት በመጣ ቁጥር እንደዚያው ሆነ። ለምን እንደምትመልስ ልጠይቃት ፈራሁ። መብራት ሲጠፋ ከዚያ በር ርቄ መቀመጥ ጀመርኩ፤ መምጣቱ አይቀርማ።

ምክንያቱን አላጣሁትም። ሪሌው ተጣብቆ ስለቀረ፣ ኃይል ሲያገኝ የሚጫነው ሰው ሳይኖር ሞተሩን ይስበዋል። ግን ልቤ እሺ አይለኝም፤ በሩን ስከፍተው እዚያ የተቀመጠ ሰው የማገኝ ይመስለኛል። እንደምንም ገብቼ ሳየው ሞተሩ ግሎ ጣውላው ጠቁሯል። አዳፕተሩ ደካማ ባይሆን ኖሮ ቤቱ ነድዶ ነበር። ብተወው እንቃጠላለን። ብጠግነው ድምፁ ይቀራል፤ እናቴ ልጇን ዳግመኛ ልትቀብር ነው። በንዴት አለቀስኩ። የተናደድኩት በእሱ ነው፤ ርካሽ ሪሌ ገዝቶ፣ ለእኔ ጥሎልኝ ሄደ! ጠገንኩት።

በሌላ ቀን መብራት መጣ። ዝም። ጓዳ ውስጥ ቢላዋው ቆመ። እየጠበቀች ነው። አልቻልኩም፤ በባዶ እግሬ ሮጬ መጫኛውን ተጫንኩት። ቀጭ። "ነፃ ነው" አለች፣ ቢላዋውም ቀጠለ። ከዚያ በኋላ መብራት በመጣ ቁጥር ሹልክ ብዬ ገብቼ እጫናለሁ። የምታውቅ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ቀን ለቅሶ ልደርስ ባምባሲ ሄጄ ዝናብ አቆየኝ። ቤት ስገባ መብራት መጥቷል፤ የክፍሏም በር ተከፍቷል። እናቴ ጣውላው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፣ ጣቷ መጫኛው ላይ ነው፤ አልተጫነችውም።

"የት ቀረሽ አንች?" አለችኝ፣ ቀና ሳትል። "ዛሬ እኔው ልጫንለት ብዬ ተጣራሁ። ነፃ ነው የሚለኝ አጣሁ።"