የመጨረሻዋ ስስ ማጣሪያ

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ተከራይተን ስንኖር ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ እኔም አርጅቻለሁ። ግን ልጄን ሞት ከእጄ ሊነጥቃት ሲል ያየሁበት ቀን ስለሆነ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ባለቤቴ የሚሠራው ባቡር ላይ ነበር። በዚያ ሰሞን ወደ ጅቡቲ ወርዶ ሳለ ከላይ ከተራራው የዘነበው ዝናብ የደቻቱን ወንዝ ሞላው። ሲነጋ ጎርፉ ከተማውን ለሁለት ከፍሎታል። ሐዲዱም ተቆርጧል ተባለ። የምንቀዳበት ጉድጓድ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ሁሉ ገብቶበት ይሸታል።

ልጄ ስንዱ ገና ዓመት አልሞላትም። ከቀደመው ቀን ጀምሮ ተቅማጥና ትውከት ይዟታል። ያን ጠዋት ዓይኗ ጎድጉዷል፤ ስታለቅስ እንባ የላትም። ጡቴን ብሰጣት አትይዝም። የሰፈራችን ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳቱ፣ መጥቶ የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው። ቆዳው እንደተሰበሰበ ቀረ።

«ሰውነቷ ውሃ ጨርሷል» አለኝ። «ሐኪም ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው፤ አሁን መሻገር አይቻልም። ጎርፉ እስኪጎድል ንጹህ ውሃ አፍልተሽ፣ ስኳርና ጨው ጣል አድርገሽ በማንኪያ አጠጫት። የጉድጓዱን ግን እንዳትነኪው። ብታፈይውም አላምነውም።»

«ንጹህ ውሃ ከየት ላምጣ?» አልኩት።

መልሱን የሰጡኝ ጎረቤቴ አዴ ፋጡማ ናቸው። «ሙሴ ሃኮብ ጋ አለ!» አሉ። «የዝናብ ውሃ ከቆርቆሮው በበርሜል ያጠራቅማል። አጣርቶ ነው የሚጠቀመው። ተነሺ፣ ነይ!»

ሙሴ ሃኮብ አርመን ፎቶ አንሺ ናቸው፤ ያኔ የውጭ አገር ሰውን ሁሉ «ሙሴ» ነበር የምንለው። ሱቃቸውን በውጭ አውቀዋለሁ እንጂ ገብቼ አላውቅም። ቁጡ ናቸው፣ ሰው አይቀርቡም ይባላል። አዴ ፋጡማ በሩን በመዳፋቸው ደበደቡት። ሽማግሌው ገርበብ አድርገው «ዛሬ ፎቶ የለም!» ብለው ሊዘጉት ሲሉ፣ አዴ ፋጡማ ነጠላዬን ገልጠው ስንዱን አሳዩዋቸው።

ሙሴ ልጅቷን አዩ። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

ጓዳ ገባን። ጠረጴዛው ላይ የብረት ኩባያ አለ፤ ከሥሩ ጠርሙስ፣ ከጎኑ አየር የሚስብ የእጅ ፓምፕ። በኩባያውና በጠርሙሱ መካከል አንዲት ክብ ነጭ ማጣሪያ ትገባለች፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች። ውሃው በሷ ሲያልፍ በዓይን የማይታየው ቆሻሻ እንኳ ከላይ ይቀራል። ሙሴ ፎቶ የሚያጥቡት በዚህ ውሃ ነው፤ አንዲት ቅንጣት አቧራ የሙሽራ ፊት ታበላሻለች።

ፓምፑን ሳቡት። ምንም አልወረደም። ማጣሪያዋ ተደፍናለች። ከመሳቢያ ትንሽ ሣጥን አወጡ። የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች።

«ሌላው በባቡር ነው የሚመጣው» አሉና በወረንጦ ይዘው አስገቧት።

አዴ ፋጡማ የበርሜሉን ውሃ በሻሻቸው ደጋግመው አጠለሉት፤ የርግብ ኩስና ዝገት ይህችንም እንዳይደፍናት። ሙሴ በእርጅና ክንዳቸው ቶሎ ይዝላል። ስለዚህ ስንዱን ለሳቸው ሰጥቼ ፓምፑን እኔ ያዝኩ።

ውሃው ጠብ አለ። ቆይቶ ደግሞ ጠብ። ስንዱ ማቃሰቷን ትታለች፤ አንገቷ በሙሴ ክንድ ላይ ተልፈስፍሷል። ፓምፑን በኃይል ልስበው ስል ሙሴ ጮሁብኝ።

«ቀስ! ከተቀደደች አለቀልን!»

«ልጄ እየሞተችብኝ ነው!»

«አውቃለሁ። ቀስ።»

ቀስ ማለት አልቻልኩም። አዴ ፋጡማ ከኋላዬ መጥተው ትከሻዬን ያዙና በኦሮምኛቸው «ሱታ፣ ሱታ» ይሉኝ ጀመር፤ ቀስ፣ ቀስ ማለታቸው ነው። በድምፃቸው ልክ መሳብ ያዝኩ። ሲናገሩ እስባለሁ፤ ዝም ሲሉ አቆማለሁ።

ጠርሙሱ ሲጋመስ ሌላ ፍርሃት መጣብኝ። ጓዳው የፎቶ መድኃኒት ይሸታል። ይሄ ጠርሙስስ ከዚህ በፊት ምን ነበረበት? ለመናገር አፈርኩ። ሙሴ ግን ፊቴን አይተው ገባቸው። አንድ ጉንጭ ቀድተው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠጡት።

በላምባ ምድጃቸው አፈላነው። ስኳርና ጨው ጣል አድርጌ፣ ከብርጭቆ ብርጭቆ እየገለበጥኩ አበረድኩት። የመጀመሪያውን ማንኪያ ስንዱ መልሳ አወጣችው። አዴ ፋጡማ «ያ ረቢ» ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሁለተኛውን አፏ ውስጥ ይዛው ቆየች። ከዚያ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

እንዲህ በማንኪያ ስናጠጣት ዋልን። ሙሴ ከጉልበታቸው አላወረዷትም። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ድንገት «ኦ!» ብለው ቁልቁል አዩ። ሱሪያቸው ርሷል። ስንዱ ሸንታባቸዋለች፤ ሰውነቷ ውሃ አገኘ ማለት ነው።

አዴ ፋጡማ እልልታቸውን አቀለጡት። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሙሴ ልጅቷን ከፍ አድርገው ይዘው፣ እኔ በማላውቀው ቋንቋ እያወሩ ይስቃሉ።

በማግስቱ ጎርፉ ጎድሎ ሐኪም ቤት ተሻገርን፤ ዳነችልኝ። ሙሴ ሃኮብ ከዓመታት በኋላ ከድሬ ወጡ። የት እንደደረሱ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ስንዱ ዛሬ ራሷ አያት ናት።

አሁንም ሳስበው መጀመሪያ የሚመጣብኝ ፍርሃቱ ነው። አንዴ ጠንከር አድርጌ ስቤው ቢሆንስ እላለሁ። ቀጥሎ ያ ንጽሕና ወዳድ ሽማግሌ በረጠበ ሱሪ ቆመው ሲስቁ ይታዩኛል። ያኔ ብቻዬን ሆኜ እንኳ ከት ብዬ እስቃለሁ።