ጃኬት ያዥዋ

መሮጥ አልወድም። ሳልሞክር አይደለም የምለው፤ አሁንም በሳምንት ሦስት ቀን እየሮጥኩ ነው። ሐኪም ደም ግፊቴን ለክቶ «በዚህ ዕድሜሽ?» ካለኝ ጀምሮ ከሰፈሬ እስከ ዘነበወርቅ ባለው የእግረኛ መንገድ ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ። «የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቻያቸው እንጂ ከዚያ በኋላ ሰውነትሽ ራሱ ይጠይቅሻል» ብለውኝ ነበር። አምስት ወር አለፈኝ። ሰውነቴ እስካሁን ምንም አልጠየቀኝም።

ቢሮ አጠገቤ የሚቀመጠው ሰውዬ ሳይሮጥ የመጣ ቀን ፊቱ አይፈታም። «ስሮጥ ጭንቅላቴ ይጸዳል» ይላል። እኔ ስሮጥ የሚሰማኝ የገዛ ትንፋሼ ነው፤ ከዚያ ደግሞ የሰው ዓይን። ፌርማታ ላይ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ የእኔን አሯሯጥ ሊያይ የቆመ ይመስለኛል። ድሮ ነገሩ የሳንባና የጉልበት ይመስለኝ ነበር፤ ጠንካራ ይወዳል፣ ደካማ ይጠላል። አሁን እንደዚያ አላስብም። አንዳንድ ሰው ሲሮጥ ራሱን ይረሳል። እኔ ደግሞ ከቀኑ ሁሉ አብልጬ ራሴን የማስታውሰው ያን ጊዜ ነው። ይህን ያሳየችኝ እህቴ ናት። በእህቴ ላይ ያደረግሁትም ከዚሁ የመጣ ነው።

እህቴ በሦስት ዓመት ታንሰኛለች። ትንሽ ልጅ ሳለች ጨው እንድታመጣ ሱቅ ስትላክ ሮጣ ሄዳ ሮጣ ትመለሳለች። የጎረቤት ሴቶች «ይቺን ደግሞ ማን አባረራት?» ይላሉ። ማንም አላባረራትም። እኔ ስላክ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ፣ ሱቁ በር ላይ ሰው አለመኖሩን ከሩቅ አይቼ ነበር የምሄደው።

አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገችን እናታችን ብቻ ናት። ኮልፌ ገበያ ቅቤ ትሸጥ ነበር። ቤታችን፣ ልብሳችን፣ ደብተራችን ሳይቀር ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከገበያ ስትመለስ ሳይሸጥ የቀረውን ጸጉራችን ላይ ትለቀልቅልናለች፤ እሑድን በሻሽ ታስረን እንውላለን።

እህቴ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት፣ ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ በነበረው ሜዳ የሰፈር ልጆችን የሚያሠለጥን አንድ ሰውዬ አያት። ዕድሜው የገፋ፣ ፊሽካውን ከአንገቱ የማያወልቅ ሰው ነበር። እናታችን እንድትሠለጥን የፈቀደችላት በአንድ ሁኔታ ነው።

«ሁለት ሆናችሁ ትወጣላችሁ፣ ሁለት ሆናችሁ ትገባላችሁ።»

ሴት ልጅ በደንብ ሳይነጋ ብቻዋን አስፋልት ላይ፣ ያውም ወንድ ወደሚያሠለጥንበት ሜዳ መሄዷ እናታችን ዘንድ የሚታሰብ አልነበረም። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ለፈተና የማነበውን መጽሐፍ ይዤ አብሬያት መውጣት ጀመርኩ። ሜዳው ዳር ካለ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ፤ ጃኬቷን አውልቃ ጭኔ ላይ ትጥልና ትሄዳለች። ሌሎቹ ልጆች «ጃኬት ያዥዋ» ይሉኝ ነበር። አይከፋኝም። ለእኔ የሚስማማ ሥራ ነበር።

ነፋሱ ከቆሼ በኩል በሚነፍስበት ጠዋት የቆሻሻው ሽታ ሜዳው ላይ ይተኛል። ልጆቹ የካናቴራቸውን አንገት አፍንጫቸው ላይ ስበው ይሮጣሉ። እህቴ አትሸፍንም።

«አይሸትሽም እንዴ?» አልኳት አንድ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ።

«ስቆም ነው የሚሸተኝ።»

«ግን ምኑ ነው እንዲህ ደስ የሚልሽ?»

«ማንም አይጠራኝም» አለች።

«እ?»

«ቤት እኮ ስሜን ጨረሳችሁት። ውሃ ቅጂ፣ ሱቅ ሂጂ፣ ቅቤውን አንሺ። ስሮጥ ማንም አይጠራኝም። ቢጠራኝም አልፌዋለሁ።»

ቀናሁባት። በእግሯ አይደለም። እንደዚያ የምትሄድበት ቦታ ስላላት ነው።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ አሠልጣኙ ቤታችን መጣ። እናታችን ወንበር ሰጠችው፤ ጫፉ ላይ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ ይቺ ልጅዎ ሌላ ናት» አላት። «የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ማጣሪያ አለ። አንድ ክለብ ለታዳጊ ቡድኑ ሴቶች ይወስዳል። ካለፈች ማደሪያዋም፣ ምግቧም፣ ትምህርቷም በእነሱ ነው።»

«ከማን ጋር ነው የምትሄደው?»

«አምስት ልጆች ናቸው። በሚኒባስ እኔው ነኝ የምወስዳቸው።»

«እርስዎን አልጠረጠርኩም። ግን ሰው ምን ይላል? እህቷ ካለች ትሂድ። እህቷ ከሌለች እሷም የለችም።»

አሠልጣኙ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። «እሷማ መቼ ጠፍታ ታውቃለች!»

እህቴ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ቀን መቁጠር ጀመረች። ከአንዲት ትልቅ ልጅ ጫማ ተዋሰች፤ ስለሰፋት ጫፉ ላይ ካልሲ ጠቀጠቀችበት። ቤት ውስጥም አድርጋው ትዞራለች።

ማጣሪያው ስድስት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ጠዋት፣ እንደወትሮዬ ድንጋዬ ላይ ተቀምጫለሁ። አሠልጣኙ ፊሽካውን ነፋ።

«አንቺ ጃኬት ያዥ! ድንጋዩን አሞቅሽው እኮ። ተነሺ፣ እስከ ታክሲ ተራው ድረስ ከልጆቹ ጋር ደርሰሽ ተመለሺ።»

ትልቅ ሰው ሲያዝ እምቢ ማለት አላውቅበትም ነበር። በረጅም ቀሚሴ፣ መጽሐፌን ድንጋዩ ላይ ትቼ ተነሳሁ። ፀሐይዋ ወጥታለች። ታክሲ ተራው ስንደርስ የቅዳሜው ቅቤ ከሻሼ ስር ቀልጦ በግንባሬ፣ በጆሮዬ፣ በአንገቴ ይወርዳል። ቀሚሴን በአንድ እጄ፣ ደረቴን በሌላው ይዣለሁ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው ተሰልፏል።

«ኧረ ቅቤው እየፈሰሰ ነው!» ብሎ ጮኸ ተራ አስከባሪው። «ቂጣ አምጡ!»

«እህት፣ ታክሲው ቆሞልሻል፣ ምን አስሮጠሽ?» አለ ሌላው።

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ነጠላ የለበሱ ሴቶችም ሳቁ። ቀና ስል ከፊት የነበረችው እህቴ ዞራ ታየኛለች። እሷም እየሳቀች ነው። እሷም እኮ ሻሽ አስራለች፤ እሷም ቅቤ ተቀብታለች። የእሷን ግን ማንም አላየውም፤ እስኪያዩት አልፋቸዋለች።

መንገድ ላይ «ውይ፣ ሳቄ አምልጦኝ ነው» አለችኝ።

«ምንም አይደል» አልኳት። ምንም አይደል ማለት እችልበታለሁ።

የማጣሪያው ቀን ጠዋት ለብሳ ጨርሳ ቀሰቀሰችኝ።

«ተነሺ በናትሽ፣ ሊደርሱ ነው።»

«ሆዴን» አልኳት።

«ምን ሆነሽ?»

«ወር አበባዬ መጣ። መቆም አልችልም።»

አንድም ቦታ አላመመኝም። ድንገት ከአፌ ያመለጠኝ ነው ብዬ ለራሴ ስንት ዓመት ነግሬዋለሁ። አላመለጠኝም። ከእሑድ ጀምሮ መጽሐፌን ገልጬ ሳስብበት የሰነበትኩት ነገር ነበር። እንደገና እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልሄድ፣ «አንቺም ተነሺ» ልባል፣ እሷ ደግሞ ዞራ ልታየኝ።

እናታችን ዝንጅብል አፈላች። ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ሆዴ ላይ አደረገችልኝ። ዝንጅብሉን ጠጣሁት። እህቴ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች።

«አዝልሻለሁ» አለችኝ። «ሚኒባሱ ድረስ አዝልሻለሁ። እዚያው መኪናው ውስጥ ተኝተሽ ትጠብቂኛለሽ። እሺ? መውረድ የለብሽም።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ውጭ ክላክስ ተነፋ። አሠልጣኙ በሩ ላይ ሲለምን ይሰማኛል።

«እናቴ፣ እኔ የምፈልገው ትንሿን እኮ ነው።»

«ልጄ ታማብኛለች ስልዎ።»

«እንደ ልጄ እኮ ነው የማያት። በሰዓቷ መልሼ አስረክብዎታለሁ።»

«ሁለት ሆነው ካልሆነ ብያለሁ። ሌላ ጊዜ ትሄዳለች።»

ሚኒባሱ ሲሄድ እህቴ ደፉ ላይ ተቀምጣ ጫማውን አወለቀች። መጀመሪያ ጫማውን፣ ከዚያ ውስጡ የጠቀጠቀችውን ካልሲ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ኖሮ እነሳ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ግን እሱንም እርግጠኛ አይደለሁም።

በማግስቱ አልወጣችም። «አትሄጂም?» ስላት «ደክሞኛል» አለች። አሠልጣኙ ሁለት ጊዜ ሰው ላከባት፤ ከዚያ ተወ። እኔ ፈተናዬን አለፍኩ፤ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ተመርቄ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚያውል ሥራ ያዝኩ። እሷ ከእናታችን ጋር ገበያ ዋለች፤ አገባች፤ ሁለት ወለደች። ቤቷ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ነው። ከመስኮቷ የሚታየው የድሮው ሜዳ ነው፤ አሁን ፎቅ ተሠርቶበታል። ሰውነቷ ከብዷል፤ ደረጃ ስትወጣ ሁለት ጊዜ ታርፋለች።

እናታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን ትላለች፦ «ትንሿማ ሰነፍ ናት። ሩጫ ጀምራ እንኳ ወዲያው ተወችው። የጀመረችውን የምትጨርስልኝ ትልቋ ናት።» እኔ ሳህን አቀርባለሁ።

ያለፈው እሑድ እህቴን አብረሽኝ ሩጪ ብዬ ለመንኳት። መጣች፤ ግን ከመንገዱ ዳር ባለ የሲሚንቶ መቀመጫ ላይ ቁጭ አለች።

«ጃኬትሽን ስጪኝ» አለችኝ።

እስከ ትራፊክ መብራቱ ሮጬ ተመለስኩ። ገና ከሩቁ ድምፅዋ ይሰማኛል። «እጅሽን አትጨብጪ! ምን የያዝሽው ነገር አለ? ትከሻሽን ጣይው!» እያለከለክሁ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስንት ጊዜ ያሰብኩትን ነገር ጀመርኩ።

«ያን ቀን…»

«አላመመሽም ነበር» አለች።

«ታውቂያለሽ?»

«አንድ ፓኬት ሞዴስ ለሁለት አልነበር እንዴ የምንጠቀመው? አልጋ ስር። አንቺ ከጨረስሽ ሳምንት አልሞላሽም። ማታ ላይ ፓኬቱንም አየሁት፣ አልተነካም።»

«ለእማዬ ለምን አልነገርሻትም?»

«ብነግራትስ? አንቺን ትገርፍሻለች፣ ሚኒባሱ ሄዷል።»

«ግን ከዚያ በኋላስ? ለምን ተውሽው? ሌላ ማጣሪያ ነበር እኮ።»

«ጃኬቴን ለማን ልስጥ?»

ጃኬቴን አጥፋ፣ ዘርግታ፣ መልሳ አጠፈችው። ይቅርታ አልኳት።

«ይቅርታሽን ምን ላድርገው? ለእማዬ ንገሪያት። ሰው ፊት ሰነፍ ስትለኝ ልጆቼ ይሰማሉ። ትልቁ ባለፈው ‹እማዬ፣ አንቺ ሰነፍ ነሽ እንዴ?› ብሎ ጠየቀኝ። እሱን ብቻ አስተካክዪልኝ።»

ላቤ ሳይደርቅ ወደ እናታችን ቤት ሄድኩ። ከአንዲት ጎረቤቷ ጋር ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሲያዩኝ ሁለቱም ፈገግ አሉ።

«ጎበዝ!» አለች እናቴ። «ሮጠሽ ነው? ያቺማ ከአልጋዋም አልተነሳች።»

«እማዬ፣ የማጣሪያውን ቀን ታስታውሺያለሽ? አላመመኝም ነበር። ዋሽቼ ነው። እሷ ሰንፋ አይደለም የቀረችው፣ እኔ ነኝ ያስቀረኋት።»

እናቴ አየችኝ፤ ከዚያ ሳቀች።

«በይ በይ። ዝንጅብል ያፈላሁልሽ እኔ አይደለሁ እንዴ? ፊትሽ አመድ መስሎ ነበር።»

«እውነቴን ነው። ዋሽቼሽ ነው።»

«አውቄብሻለሁ። ስሟን ልታጠሪላት ነው።» ወደ ጎረቤቷ ዞረች። «አየሽልኝ? የእህቷን ስንፍና በራሷ ላይ ስታደርግ! ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት፤ ስንት ጠዋት ብርድ ላይ ተቀምጣ ጠብቃታለች መሰለሽ።»

«እግዜር ይባርክሽ፣ ልጄ» አሉኝ ጎረቤቲቱ። «የዛሬ ጊዜ ልጅ እንዲህ ነው?»

ሦስተኛ ጊዜ መናገር ነበረብኝ። መጮህ፣ ሞዴሱን ማንሳት፣ የሳቁብኝን ሰዎች አንድ በአንድ መናገር ነበረብኝ። ጎረቤቲቱ ያዩኛል። እናቴ ቀዝቃዛ ውሃ በትልቁ ኩባያ ሰጠችኝ። ጠጣሁት።

ከግቢው ወጥቼ ለእህቴ ደወልኩላት።

«ነገርኳት።»

«እ? ምን አለች?»

ከኋላዋ ልጆቿ ሲጯጯሁ ይሰማል።

«አላመነችኝም። ደግ ነሽ አለችኝ።»

«ቆዩ እስቲ!» አለቻቸው። ከዚያ ሳቀች፤ የታክሲ ተራው ሳቅ አልነበረም።

«በይ እንግዲህ፣ ሩጪ» አለችና ዘጋችው።

ማክሰኞ ጠዋት ጃኬቴን ወገቤ ላይ አስሬ ወጣሁ።