ጸዳለና የጋሽ ሀብቴ ታንከር

ኖርዌይ አገር ቬስትሊ በሚባል ሰፈር ዋናው የውሃ መስመር የፈነዳው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የየቤቱ ቧንቧ ደረቀ። የሰፈሩ ሰው ባልዲውን አንጠልጥሎ ወደ ጋሽ ሀብቴ ጓሮ ጎረፈ። ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር ከጣሪያቸው የሚወርደውን ዝናብ የሚያጠራቅሙበት ትልቅ ታንከር ነበራቸው።

«ውሰዱ! ከሰማይ የወረደ ውሃ ነው፤ ጠጡት፣ ወጥ ሥሩበት!» ይላሉ ደስ ብሏቸው።

ከተሰለፉት አንዷ ጎረቤታቸው ጸዳለ ነበረች። በአቅራቢያው ስቶቭነር በሚገኝ ባርነሃገ፣ ማለትም መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ፣ በጽዳት የምትሠራ፣ ድምፅዋ ከፍ ሲል ማንም ሰምቶ የማያውቅ ሴት ናት። ተራዋ ሲደርስ ባልዲዋን አስቀመጠችና ግድግዳው ላይ የተደገፈውን መሰላል ወጣች። አሸንዳው ውስጥ የበሰበሰ ቅጠልና የወፍ ኩስ ተጋግሯል።

«ጋሽ ሀብቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ አይጠጣም።»

«እንዴት አይጠጣም? እስቲ እይው፣ እንዴት እንደጠራ!»

«ከኩሱ የሚመጣው ጀርም በዓይን አይታይም።»

የቤቶቹ ማኅበር ሊቀመንበር ኤማ ይህን ከየት እንዳወቀችው ጠየቀቻት። ጸዳለ አዲስ አበባ ሳለች አሥራ አንድ ዓመት የውሃ ናሙና እየቀዳች ላቦራቶሪ ታደርስ እንደነበር በአጭሩ ነገረቻት። ከዚያም «ለሽንት ቤትና ለወለል ብቻ» ብላ በአማርኛና በኖርዌይኛ ጽፋ ታንከሩ ላይ ለጠፈች። የከተማው አስተዳደር፣ ኮሙኑ፣ የሚጠጣ ውሃ በመኪና እስኪያመጣ ሁሉም ጠበቀ። ጋሽ ሀብቴ ግን አኮረፉ።

ሰኞ ዕለት ጸዳለ ከታንከሩ ቀድታ ናሙናውን ለምርመራ ሰጠች። ውጤቱ ሲመጣ የሰገራ ባክቴሪያ ተገኝቶበታል። ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን ለሰፈሩ ሁሉ ባሳየ ነበር። እሷ ግን ብቻቸውን ሳሉ አንኳኩታ ሰጠቻቸው። አነበቡትና ወረቀቱን አጠፉት።

«የልጅ ልጆቼ ሊጠጡት ነበር እኮ» አሉ።

«ይስተካከላል፤ አብረን እናስተካክለዋለን።»

አሸንዳውን ፍቀው አጠቡ፣ ወንፊት ገጠሙለት። ጣሪያውን የሚያጥበው የመጀመሪያው ዝናብ ታንከሩ ውስጥ ሳይገባ እንዲፈስ ሌላ ቱቦ ቀጠሉ። ከወር በኋላ በተደረገው ምርመራ ባክቴሪያው እጅግ ቀንሶ ተገኘ።

«ታዲያ አሁንስ?» አሉ ጋሽ ሀብቴ ብርጭቆ ይዘው።

«ኔይ፣ አይሆንም፣ ጋሽ ሀብቴ! ለልብስ፣ ለአበባ፣ ለወለል ግሩም ነው። የሚጠጣውን ከቧንቧ ይቅዱ።»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ።

በዓመቱ አራት ቤቶች የየራሳቸውን ታንከር ተከሉ። ባለቤቶቹን እየወሰዱ ከጸዳለ ጋር የሚያገናኟቸው ጋሽ ሀብቴ ራሳቸው ናቸው። እሷም ከሥራ ስትመለስ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ጣሪያቸውን ዞራ ታያለች። የቱንም ያህል ቢደክማት «ነገ» ብላ አታውቅም።