ቋንቋዬ መሆኑ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ተድራ አትላስ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ ሰርግ ላይ ነበርኩ። ከጎኔ የተቀመጡ የሙሽራው ዘመድ፣ አንድ ሽማግሌ፣ እየጎረሱ ለወጣቶቹ ስለ ጦርነት ያወራሉ። «ኮማንዶዎቻችን ያለቁት መረጃ ስላልነበረን ነው» ሲሉ ቀና ብዬ አየኋቸው። ድምፃቸውን አወቅሁት፤ ግንባር ላይ አዛዣችን የነበሩት ኮሎኔል ናቸው። እሳቸው ግን አላወቁኝም።

በደርግ ጊዜ ገና ወጣት ሳለሁ ሰሜን ግንባር የሬዲዮ ጠለፋ ቡድን ውስጥ ተመደብኩ። የተመረጥኩት ትግርኛ ስለምችል ነው፤ የእናቴ ቋንቋ ነው። ተራራ ላይ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ማዳመጫ ጆሯችን ላይ አድርገን ጠላት የሚነጋገረውን እንሰማለን። ኮማንዶዎቹ በየት መግባት እንዳለባቸው የምንጠቁመው እኛ ነን። ጠላት የተባሉት ሰዎች አነጋገራቸው የአክስቶቼን ይመስላል። አንደኛው ሽሮ ሰለቸኝ እያለ ሲቀልድ ብቻዬን እስቅ ነበር።

የኮማንዶዎቹ መሪ መቶ አለቃ ደረጀ የሰፈሬ፣ የቦሌ ልጅ ነው። ያኔ ቦሌ ከአየር ማረፊያው ወዲያ ማሳ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። ያንን እያነሳን፣ ድንጋይ የመሰለውን የወታደር ደረቅ ብስኩት፣ ኮቾሮውን፣ ሻይ ውስጥ እየነከርን እንበላለን። «ወይንዬ፣ ዘመዶችሽ ዛሬ ምን አሉ?» ይለኛል። ከሌላ ሰው አፍ ቢወጣ ይከፋኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ድንኳኑን እየደበደበው፣ ያ ቀልደኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዶቹ ነገ በወንዙ በኩል ነው የሚመጡት፤ ሁሉም ሳይገቡ እንዳትተኩሱ» አለ። ደረጀ በማግሥቱ የሚሄድበት መንገድ ነው። በጭቃው እየሮጥኩ ኮሎኔሉ ዘንድ ሄድኩ።

«ጓድ ኮሎኔል፣ መንገዱን አውቀውታል።»

«እንግዳ ማለት ኮማንዶ ነው ያለሽ ማነው?»

«ቋንቋዬ ነው፤ አነጋገሩ ይገባኛል።»

«እኔንም የቸገረኝ እሱ ነው» አሉ፤ «ቋንቋሽ መሆኑ።»

ለደረጀ ነገርኩት። «አምንሻለሁ፤ ግን ልጆቹ ከታዘዙ እኔ ልቅር?» አለኝ።

በማግሥቱ ሁሉንም በጆሮዬ ሰማሁ። ተኩሱ ካበቃ በኋላ ቀልደኛው «አንዱ ውሃ ውሃ ይላል» አለ። «ስጠዋ» አለው ሌላው። ደረጀ ይሁን ሌላ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከወንዙ የተመለሰ አልነበረም። ከዚያ የታሰርኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት ቀድማ አወቀች ተብሎ። ሲለቁኝም ይቅርታ ያለኝ የለም።

ሰርጉ ላይ ሳህኔን አስቀመጥኩና «መረጃውማ ነበር» አልኳቸው። «እኔ ነኝ ያመጣሁልዎት።»

ኮሎኔሉ ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝና «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

ተነስቼ ወጣሁ። ሳሊተ ምሕረት ቤቴ እስክደርስ መኪና ውስጥ ሳሰላስል ነበር። ስንት መንግሥት ሲወጣና ሲወርድ አየሁ፤ ሰው ዛሬም የሰማውን ሲናገር መጀመሪያ የሚጠየቀው ወገኑን ነው። ኮሎኔሉ አለማመናቸውን ለምጄዋለሁ። ደረጀ ግን አምኖኝ ነው የሄደው። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።