የእህቴን እጅ ያሰርኩበት ሱባኤ

ጎረቤቶቻችን ታናሽ እህቴን «ዲዳዋ» ይሏት ነበር፤ እኔ ግን እንደሷ ለፍላፊ አይቼ አላውቅም። ጆሮዋ አይሰማም፣ አፏ አይናገርም፤ እጇ ግን ከነጋ እስኪመሽ አያርፍም። አውራ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ካደረገች ውሃ ነው። አገጯን ነካ ነካ ካደረገች እናታችን ናት፤ እናታችን አገጯ ላይ ንቅሳት ነበራት። ጣቷን በራሷ ዙሪያ ካዞረች አባታችን ነው፤ ቄስ ስለሆነ ይጠመጥማል። ግማሹን ምልክት እኔ አወጣሁላት፤ ግማሹን እሷ አውጥታ አስተማረችኝ። እውነቱን ለመናገር የሷ ከኔ ይሻላል።

እኔ አሥራ አንድ፣ እሷ ስድስት ዓመታችን ነበር። ቤታችን ሰቆጣ ዳር ነው፤ ዘመኑም መኪና ሲመጣ ሰው ሥራውን ጥሎ ለማየት የሚሮጥበት ነበር። እናቴ ስትቆጣ በአገውኛ፣ ስትጸልይ በአማርኛ ነው። ሦስተኛው ቋንቋ የኔና የእህቴ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት እናቴ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ስላለ አንድ ጠበል ሰማች፤ የስንቱን አንደበት ፈትቷል ተባለ። አባቴ የቅዳሴ ሰሞነኛ ስለነበር ቀረ፤ ሦስታችን ስንቃችንን ይዘን ወረድን። አጥማቂው እህቴ እጇን ስታወናጭፍ ጥቂት አዩና ፊታቸው ጠቆረ።

«እጇ እየተናገረላት ምላሷ ምን በወጣው?» አሉ። «ሰባት ቀን እጇን እሰሩት። ምላሷ ሲጨንቀው ይፈታል።»

«እሺ አባ፣ እንዳሉ» አለች እናቴ።

አሮጌ ነጠላዋን ቀደደችና ብጣሹን ለኔ ሰጠችኝ። «አንቺ እሰሪያት። አንቺን ታምናለች።»

ፈራሁ። ለእህቴ ብቻ ፈርቼ ቢሆን ደግ ነበር፤ እኔ ግን ለራሴም ፈራሁ። አጥማቂው «ማን አስተማራት?» ብለው ቢጠይቁስ? ምላሷን የያዝኩባት እኔ ብሆንስ? እህቴ ጨዋታ መስሏት ሁለት እጇን ገጥማ ዘረጋችልኝ፣ ሳቀችም። ጥፋቴን የምክስ መስሎኝ ጥብቅ አድርጌ አሰርኳት።

በሁለተኛው ቀን ጥፋቴን ጨመርኩበት። ከጠበሉ ሥር ያለው ወንዝ አልቅት ስላለው ውሃ የምንጠጣው በነጠላ ጫፍ አጥልለን ነው። ያን ቀን እንጨት ለቅሜ ደክሞኝ ጥላ ሥር ጋደም ብያለሁ። እህቴ በእጇ መጭለፍ ስላልቻለች በሆዷ ተኝታ እንደ ጥጃ ጠጣች። አይቻታለሁ። ለመነሳት ሰነፍኩ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት፣ ጠበሉ ሲወርድባት፣ ከጉሮሮዋ «ኽ... ኽ...» የሚል ድምፅ ወጣ። ጠበልተኛው ሁሉ ዞረ።

«አንደበቷ ሊፈታ ነው!» አለች አንዲት ሴት፤ እልልታው ቀለጠ። እናቴ ተንበርክካ መሬቱን ሳመች።

ከእህቴ ከንፈር ጥግ ቀጭን ደም ወረደ። «አትፍሩ፣ ክፉው ሲለቅ እንዲህ ነው። ጨምሩላት» አሉ አጥማቂው። ጨመሩባት። ፊቷ መልኩን እየለወጠ ሄደ። ዓይኗ ግን ከኔ አልተነቀለም፤ የታሰሩት እጆቿ ደረቷ ላይ ይንፈራገጣሉ። የምትነግረኝ ነገር አላት፤ የምትነግረኝን ነገር ደግሞ እኔው አስሬዋለሁ።

ሱባኤ ያፈረሰ ይረገማል ተብለናል። ሽንቴ አመለጠኝ፣ አሁን በዚህ ዕድሜዬ ምን ያሳፍረኛል። በሰው መሃል ተሹለክልኬ ደረስኩባት። ቋጠሮው በውሃ ርሶ ጠብቋል። በጣቴ እምቢ ሲለኝ በጥርሴ ያዝኩት።

«ተይ አንቺ ልጅ! አፈረስሽው!» ብለው አጥማቂው ጮኹ። አንድ እጅ ትከሻዬን ጎተተኝ። ጥርሴን አልለቀቅኩም፤ ጨርቁ ተተረተረ።

እህቴ ጊዜ አላጠፋችም። ሁለት ጣቶቿን ከራሷ በላይ እንደ በቅሎ ጆሮ ቀሰረች። ከዚያ አንድ ጣቷን ቆልምማ ከጉሮሮዋ ወደ ውጭ ሳበች። ባለፈው ክረምት በቅሏችን በአልቅት ደም ስትተፋ ያወጣነው ምልክት ነው። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ከፍርሃት የተነሳ ድምፄ አልወጣ አለ። ሁለታችንም ዲዳ ሆነን ቆምን።

«አልቅት ነው! ልጄን አልቅት ይዟታል!»

የጮኸችው እናቴ ናት። ማንም አልተረጎመላትም።

ለወገቡ ሕመም የመጣ አንድ የአበርገሌ ፍየል አርቢ ከመቀነቱ ውስጥ ትንሽ ቋጠሮ አወጣ፤ በአፍንጫው የሚስበው ትንባሆ ነው። ትንባሆ ጠበል ቦታ ውግዝ ነው፤ ሰውዬው ወደ እናቴ ጠጋ ብሎ «እናቴ፣ ራሷን ይያዙልኝ» አላት። አጥማቂው ፊታቸውን አዞሩ፤ ግን አልከለከሉም። ትንባሆውን በውሃ በጥብጦ ጉሮሮዋ ውስጥ ጠብ አደረገላት። እህቴ ሳለች፣ አስመለሳት፣ ዓይኗ ተገለበጠ። ሞተች ብዬ ፊቴን ሸፈንኩ። ስገልጠው ጣት የሚያህል ጥቁር ነገር ድንጋዩ ላይ ይንፈራፈራል፤ እህቴ እናቴ ጭን ላይ ትተነፍሳለች።

ሱባኤውን ሳንጨርስ ወጣን። መንገድ ላይ እናቴን «ምልክታችንን ታውቂው ነበር እንዴ?» አልኳት።

«እናቷ አይደለሁ?»

«ታዲያ ለምን እሰሪያት አልሽኝ?»

ቀድማን መራመድ ጀመረች። ወንዙ ጋ ስንደርስ ውሃ ልታጠልልልን ነጠላዋን ከትከሻዋ ሳበች። እህቴ ጨርቁን ስታይ ቆመች፤ ሁለት እጇን ገጥማ ዘረጋችላት። በዚህኛው ጊዜ አልሳቀችም።

እናቴ ነጠላውን ውሃው ላይ ጣለችው። ተንበርክካ አውራ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። እህቴ አየቻት። እናቴ እንባዋ እየወረደ፣ መልስ እስክታገኝ ድረስ ጣቷን ከከንፈሯ አላነሳችም።